ላም በቀለብ ፈንታ

ሌሎች ሴቶች ሲፋቱ ለልጃቸው ወርሃዊ ተቆራጭ ይወሰንላቸዋል። ለእኔ ላም ተወሰነልኝ። ይህን ስናገር መሥሪያ ቤታችን አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ፤ ከዚያ ፊቴን ያዩና ሳቃቸውን ይውጣሉ። ቀልድ አልነበረም። የልጄ ቀለብ ባለ አራት እግር ነበረች፤ ጥቁርና ነጭ፣ የፈረንጅ ዘር ያለባት፣ የእኔና የልጄ ሆድ ተደምሮ የማይደርስበት ሆድ የነበራት ላም።

ነገሩ የተጀመረው ሽማግሌ ፊት ነው። የልጄ አባት መናኸሪያ አካባቢ የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ሀዋሳ ውስጥ ስንት ባጃጅ እንደሚርመሰመስ ያየ ሰው፣ የዚህ ሱቅ ባለቤት ጦሙን አያድርም ብሎ ቢገምት አይሳሳትም። እሱ ግን ቀለብ የሚባል ቃል በተነሣ ቁጥር ሱቁ አንድ ሐሙስ የቀረው አስመስሎ ያወራ ነበር። ፍቺያችንን ያዩት ዳኛ «የልጅቷን ቀለብ በስምምነት ጨርሳችሁ ኑ» ብለው ላኩን። ጉዳዩም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በሆኑት በአጎቱ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ። አጎትየው የዕድሜያቸውን ግማሽ ገጠር ከከብት ጋር፣ ግማሹን ከተማ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ያሳለፉ የተከበሩ ሰው ናቸው። በሲዳሙ አፎ ጸልየው በአማርኛ ፈረዱብኝ።

«ልጄ፣ ብር ብናስቆርጥልሽ ወር ሳይሞላ ያልቅና ሁለታችሁም እዚህ እየመጣችሁ ታደርቁኛላችሁ» አሉኝ። «ላም እንስጥሽ። ላም ካለሽ ልጅቷ እስክታድግ ወተት አታጣም።»

«አባባ፣ ልጄ ወተት አትወድም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ጡት ከተወች ጀምሮ ወተት ሲቀርብላት ፊቷን የምታዞር ልጅ ናት፤ ካስገደዷት ታስመልሳለች።

«ትለምደዋለች» አሉ።

የልጄ አባት ወዲያው ተስማማ። እንዴት አይስማማ? ላሟን አንዴ ይገዛል፣ ከዚያ በኋላ ቀለቡ ራሱ ሣር እየበላ ራሱን ይከፍላል። እኔስ ለምን እሺ አልኩ? ደክሞኝ ነበራ። ሽምግልና ተቀምጦ የማያውቅ ሰው እዚያ ምን ያህል ሻይ እንደሚጠጣ፣ «ለልጅቷ ስትሉ» የሚለው ነገር ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አያውቅም። ያንን ነገር እንደገና ከምሰማ ዝሆንም ቢሰጡኝ ፈርሜ እወጣ ነበር።

ላሟ በአይሱዙ ተጭና እኔ ወደምኖርበት ሰፈር የታቦርን ዳገት ወጣች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያት። አከራዬ በር ላይ ቆመው «እኔ ያከራየሁት ለሁለት ሰው ነው» አሉ፤ በየጠዋቱ አንድ ጣሳ ወተት እንደሚደርሳቸው ስነግራቸው ግን ፊታቸው ፈካ። ጓሮ ያለውን የማገዶ ቤት አስለቀቁልንና በረት ሆነ። ማለብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። እኔ ከተማ ተወልጄ ከተማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የመጀመሪያዋ ቀን ላሟ ባልዲውን ከነወተቱ ደፍታ እኔንም ደፋችኝ። ልብሴን ቀይሬ ቢሮ ደረስኩ፣ ጫማዬን ግን ረስቼው ኖሮ ስብሰባ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚቀልብ ግራ ገባኝ። ላሟ ፉርሽካ ትፈልጋለች፣ ፋጉሎ ትፈልጋለች፣ ድርቆሽ ትፈልጋለች። ስትታመም ሐኪም ትፈልጋለች፤ ሐኪሙ ደግሞ በሞተር የታቦርን ዳገት ለመውጣቱ ለብቻው ያስከፍላል። ወተቱን የምትጠጣ ልጅ ስለሌለችኝ መሸጥ ነበረብኝ። የሰው ሀብት ቢሮ ሠራተኛዋ በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው ጀሪካን ይዤ የምገባ ሆንኩ። ባልደረቦቼ ወተት ሲፈልጉ «እህታችን» ይሉኛል፤ ሒሳብ ስጠይቃቸው «ባለላሟ መጣች» ይባባላሉ። አለቃዬም ደንበኛዬ ነበር፣ በዱቤ። አለቃውን ዱቤ ከልክሎ የዓመት ፈቃድ የሚጠይቅ ጀግና ካለ አሳዩኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን ጾሙ ነበር። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ በሁዳዴ ወተት አንተውም። ደንበኞቼ ግን አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ ጀሪካኔን ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ላሟ እንደሆነች የማንንም ሃይማኖት አታውቅ፣ ጠዋት ማታ ትታለባለች። አይብ አደረግሁት፣ ቅቤ አደረግሁት፤ አከራዬ እስኪሰለቻቸው ጠጡ። ሙስሊሙ ባለሱቅ ጎረቤቴ አዝኖልኝ ጥቂት ወሰደልኝና «አይዞሽ፣ የእኛ ጾም ሲመጣ ማታ ማታ እረከብሻለሁ» ብሎ አጽናናኝ። የአባቷ ቀለብ ሁዳዴን የሚጾምባት ልጅ በዚህች ከተማ ከእኔ ልጅ ሌላ ያለች አይመስለኝም።

የልጄ አባት እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ይመጣ ነበር። ማንን ሊያይ? ላሟን። ጫማውን አስጠርጎ፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ በቀጥታ ወደ በረቱ ይሄዳል። ወገቧን መታ መታ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ ጡቷን ያያል፣ «ለምንድነው የከሳችው? ውኃ በሰዓቱ ታገኛለች?» እያለ ይመረምረኛል። ልጄ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ቤት በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። «ደህና ነሽ አይደል? ትምህርት እንዴት ነው?» ይላታል፤ መልሷን ሳትጨርስ ከረሜላ ያቀብላትና ዓይኑን ወደ ላሟ ይመልሳል። ያን ጊዜ ልጄ ከረሜላውን እንደያዘች ትንሽ ቆማ ትገባለች።

ልጄ ግን ሞኝ አይደለችም። አባቷ ስለ ምን ማውራት እንደሚወድ ቶሎ ገባት። ወተት ማየት የሚያስጠላት ልጅ ከአከራያችን ማለብ ተማረች፤ ያውም ከእኔ በላይ። ላሟ እኔን ስትራገጥ ለእሷ ጸጥ ብላ ትቆማለች። እሑድ ሲደርስ ቤት በር ላይ መቆሙን ትታ ቦት ጫማዋን አጥልቃ በረቱ ውስጥ ትጠብቀው ጀመር።

«አባዬ፣ ሐሙስ ፋጉሎዋን አልጨረሰችም» ትለዋለች።

ወዲያው ወደ እሷ ጎንበስ ይላል። «ሆዷ ነፍቶ ነበር?»

«ትንሽ። ግን ዓርብ ተሽሏታል።»

እንዲህ እያሉ ምሳ እስኪደርስ ያወራሉ። እኔ በመስኮት አያቸው ነበር። ልጄ አባቷን የምታገኘው በላሟ በኩል ዞራ ነው፤ ስለ ራሷ ቢሆን ከሰላምታ የሚያልፍ ነገር አይጠይቃትም። ይህን እያወቅሁ ላሟን መውደድ አልቻልኩም።

ጊዜው ሄደ። ልጄ ክፍል ስትጨምር የትምህርት ቤቱም፣ የልብሱም፣ የሁሉም ነገር ወጪ ከፍ አለ፤ ዝቅ ያለው የላሟ ወተት ብቻ ነው። አርጅታለች። ኑሮ ሲለወጥ ቀለብም እንዲለወጥ መጠየቅ ይቻላል ብለው የሚያውቁ ሰዎች መከሩኝና «ላሟ ትመለስ፣ በምትኩ በየወሩ ብር ይቆረጥልኝ» ልል ተነሣሁ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዱ ጉዳዬን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ወይስ የእንስሳት?» አለኝ።

«አንተ ጻፍ» አልኩት።

የልጄ አባት የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ላሟ ስትሰጠኝ ጤነኛና ወተታም እንደነበረች፣ ወተቷ የቀነሰው በእኔ አያያዝ ጉድለት እንደሆነ፣ ስለዚህ የልጅቷን ቀለብ ያጎደልኩት ራሴ እንደሆንኩ ዘርዝሮ አቀረበ። ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከሳሽ ሆኜ ገብቼ ተከሳሽ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ዳኛዋ መልሱን ሲያነቡ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈን አደረጉ፤ ሳቅ ነው ሳል፣ አላወቅሁም። ከዚያ ኮስተር ብለው የላሟ ሁኔታ በባለሙያ ተጣርቶ ይቅረብ አሉ።

ባለሙያው በሞተር መጣ። ላሟን ከጥርሷ እስከ ጭራዋ መረመረ፣ ደረቷን በሜትር ለካ፣ ከግራም ከቀኝም ፎቶ አነሣት። ልጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

«ልጅቷንስ አታያትም?» አልኩት።

«የቷን ልጅ?» አለኝ።

ቀለቡ የማን እንደሆነ አስረዳሁት። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ የታዘዘው ላሟን ብቻ ነበር። በእነዚያ ወራት ሁሉ ስለ ላሟ ያልተጠየቀ ጥያቄ አልነበረም። ምን ያህል እንደምትበላ፣ ስንት ጊዜ እንደወለደች፣ የት እንደምትተኛ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ልጄን ግን ምን ትወጃለሽ፣ ምን ቸገረሽ ያላት ሰው የለም። ይህን ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ።

በመጨረሻ አሸነፍኩ። ላሟ ትመለስ፣ አባት በየወሩ በባንክ ያስገባ፣ ልጁንም በፈለገ ጊዜ ማየት ይችላል ተብሎ ተወሰነ። አጎትየው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝተውኝ «ላም የሚያህል ነገር በብር ለወጥሽ» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። እኔ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ላሟ የተጫነች ዕለት የልጄ አባት ራሱ መጣ። ልጄ ከጎኑ ቆማ፣ ስትታለብ ጩኸት እንደማትወድ፣ የግራ ጡቷን ቀስ ብሎ መያዝ እንደሚያስፈልግ ስታስረዳው አንድም ቃል ሳያመልጠው ሰማት። መኪናው ዳገቱን ቁልቁል ሲወርድ ልጄ አላለቀሰችም። እኔም በረቱን ጠርጌ፣ አጥቤ፣ ቀኑን ሙሉ ስዘምር ዋልኩ።

ብሩ ሳይዛነፍ ይገባ ጀመር። ሰውዬው ግን ቀረ። ላሟ የለች፣ ምን ሊያይ ይምጣ? ልጄ በመጀመሪያ ሰሞን እሑድ እሑድ ቀሚሷን ሳታወልቅ እስከ ምሳ ትቆይ ነበር። ባጃጅ ደጃፋችን ላይ ቆም ሲል ቀና ትላለች። ጎረቤት ሆኖ ሲገኝ መልሳ ታቀረቅራለች። ጥቂት ቆይቶ ግን ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ወዲያው ልብሷን ትቀይር ጀመር። መጠበቋን መተዋ ከመጠበቋ በላይ ሆዴን በላኝ። ስልኬን አንሥቼ ደወልኩለት።

«ብሩ አልገባም?» አለኝ፣ ገና ሃሎ ሳልል።

«ገብቷል።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

ይህን ልንገረው ብል ከየት እጀምራለሁ? ስልኩን ዘጋሁበት።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እሱ ደወለ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም፣ ጭንቅ ያለው ይመስላል።

«ላሟ ወተቷን አልለቅ አለች» አለኝ። «ሰው ቀጥሬ ነበር፣ ትራገጣለች። የልጅቷን እጅ ለምዳ ነው መሰለኝ። እሑድ እሑድ ብትልኪያት…»

እዚያ ላይ ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ባጭሩ፣ «እኔ ልጄን ከላም ላላቅቅ ፍርድ ቤት ስመላለስ ከረምኩ፣ አንተ አላቢ አድርገህ ልትቀጥራት ነው? አልልክም» ነው ያልኩት። ሲለምነኝ ወይ ፍንክች አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ልጄ ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እማዬ፣ አባዬ ነው?» አለችኝ። «ፈለገኝ?»

የፈለገው ላሟ እንድትታለብለት ነው ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ፊቷን ሳይ ዋጥኩት። እሑድ ሲደርስ ቦት ጫማዋን በፌስታል ይዛ፣ በምናውቀው ባጃጅ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ትሄዳለች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመለሳለች። «ላሟ እንዴት ናት?» እላታለሁ። «ደህና ናት» ትለኛለች። «ታለበች?» «አዎ።» ስለ ላም ጀምራ ማቆሚያ ያልነበራት ልጅ ከዚህ በላይ አትናገርም። ልብሷም ይገርመኝ ነበር፤ እንደ ወጣች ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል፣ የበረት ሽታ እንኳ የለውም። ቢያንስ ሽርጥ ገዝቶላታል ማለት ነው አልኩ። ለዚያ ሰው ሽርጥ መግዛቱም ትልቅ እድገት ነው ብዬ በሆዴ አመሰገንኩት። ልጄ ደስ ብሏት ስለምትመለስ ነገሩን ከዚያ አልፌ አልመረመርኩትም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ሳይይዛት ላምጣት ብዬ ባጃጅ ተሳፍሬ ወረድኩ። ቤቱን ከዚያ በፊት ረግጬው አላውቅም። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበርና ሳላንኳኳ ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት በረቱን ነው። የባጃጅ ጎማ እስከ ጣሪያው ተደርድሮበታል። መሬቱ ደረቅ ነው። ድርቆሽ የለ፣ ባልዲ የለ፣ ላም የለ።

እነሱ በረንዳው ላይ ናቸው። የተጠበሰ አሣ በልተው አጥንቱ ሳህኑ ላይ ቀርቷል። ልጄ የሲዳሙ አፎ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታነባለች። እኔ ከሌላ አካባቢ የመጣሁ ስለሆንኩ በዚያ ትምህርት አንድም ቀን ረድቻት አላውቅም። አባቷ ከረባቱን አውልቆ ጎኗ ተቀምጧል። ስትሳሳት ቃሉን ይጠራላታል፣ እሷ ትደግመዋለች፣ ተሳስታ ሲስቅባት እሷም ትስቃለች። ስታነብ ከፊቷ ላይ ዓይኑን አይነቅልም ነበር።

ሲያየኝ ብድግ አለ። ወደ በረቱ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ሸጥኳት» አለ።

«መቼ?»

«የወሰድኳት ሳምንት።»

እንግዲያስ ያን ቀን ሲደውልልኝ የምትራገጥ ላም አልነበረችም። የልጄን እጅ የናፈቀች ላምም አልነበረችም። እኔ ያን ሁሉ የጮኽኩት በሌለች ላም ነው።

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት።

ሱቁ ውስጥ ደንበኛን ተከራክሮ የሚረታ ምላስ ያለው ሰው ነው። ፍርድ ቤትም በምላሱ ከሳሽነቴን ሊቀማኝ ምንም አልቀረውም ነበር። አሁን ግን አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ያያል።

«ልጄ ናፈቀችኝ ብዬ ልደውልልሽ?» አለኝ በመጨረሻ፣ የሚያሳፍር ነገር እንዳስገደድኩት ሁሉ።

በፈለገ ጊዜ ልጁን ማየት እንዲችል ፍርድ ቤት የፈቀደለት ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ። ልጄን እጇን ይዤ ወጣሁ።

ስንመለስ ዝናቡ የባጃጁን ሸራ ይደበድበዋል።

«ላሟ እንደሌለች መቼ አወቅሽ?» አልኳት።

«መጀመሪያ የሄድኩ ቀን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ቦት ጫማዋ ያለበትን ፌስታል ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። «ላሟ ከሌለች አትልኪኝም ብዬ» አለች። «አባዬም ፈርቶ ነበር።»

አቅፌ ወደ እኔ አስጠጋኋት። አባትና ልጅ እኔን ፈርተው እሑድ እሑድ የተሸጠች ላም ሲያልቡ ከርመዋል። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። ባለባጃጁ በመስታወቱ እያየኝ ምን ሆነች ሳይል አልቀረም።

ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሳሰላስል ሰነበትኩ። ለአጎትየው ልንገራቸውና ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ልበል? እሳቸው የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ላም ይገዛ ነው የሚሉት። ዳኛዋ ዘንድ ልሂድስ ብል ያ ጸሐፊ ጥላው ሥር ሆኖ ይጠብቀኛል። ለማንም ሳልናገር ተውኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጠራ። እሱ ነው። ሃሎ አለና ቆመ። ልጄ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፏን ገልጣ አንዲት ቃል ሳታነብ እኔን ታያለች።

«ላሟ እንዴት ናት?» አልኩት።

«አልታለብ ብላለች» አለ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አልኩት። «ነገ ጠዋት እልካታለሁ።»